የ92ኛው ኦስካር ዕጩ ፊልሞች፦ ጥያቄና መልስ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የወጡ ፊልሞች የተወዳደሩበት 92ኛው የኦስካር ሥነ ሥርዓት የካቲት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ ተካሂዷል። ለምርጥ ፊልም የታጩት ዘጠኝ ነበሩ፤ እነሱም «ፓራሳይት»፣ «1917»፣ «ዘ አይሪሽማን»፣ «ጆከር»፣ «ሊትል ዊመን»፣ «ማሬጅ ስቶሪ»፣ «ጆጆ ራቢት»፣ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ሆሊውድ» እና «ፎርድ ቪ ፌራሪ» ናቸው። ስለ እነዚህ ፊልሞች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። አስተያየቱ የግሌ ነው። የምመዝንበት ሚዛንም አንድ ነው፦ ፊልሙ ሊል የፈለገውን ነገር አሳይቶናል ወይስ ነግሮናል? የታሪኮቹን ፍጻሜ ሳልነካ መመለስ ስለማልችል፣ ፊልሞቹን ገና ያላያችሁ ይህን አውቃችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ «ፓራሳይት» ማሸነፍ ይገባው ነበር? እኔ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ለዓለም ክፍት መስሎ ለመታየት ያደረገው ይመስለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ይገባው ነበር፤ በዚህ ላይ ምንም ጥርጥር የለኝም። የደቡብ ኮሪያው ዳይሬክተር ቦንግ ጁን ሆ ሥራ በዚያ ምሽት የምርጥ ፊልም፣ የምርጥ ዳይሬክተር፣ የምርጥ ወጥ የፊልም ጽሑፍ እና የምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም ሽልማቶችን ወስዷል። ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ዋናውን ሽልማት ሲያገኝ በኦስካር ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ አስቀድሞ በ2019 በካን ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን ስላገኘ፣ ክብሩ ከአካዳሚው አዲስ ስሜት የመነጨ ነው ለማለት ያስቸግራል።

የፊልሙን ብቃት ለማየት ዝናብ የጣለበትን ሌሊት መመልከት ይበቃል። ድሃው የኪም ቤተሰብ ተቀጥሮ ከሚሠራበት የሀብታሞች ቤት ሾልኮ ከወጣ በኋላ ወደ ሰፈሩ ይሮጣል፤ ደረጃ ይወርዳል፣ በመንገድ ሥር ያልፋል፣ እንደገና ሌላ ደረጃ ይወርዳል፤ ጎርፉም በእግራቸው ሥር አብሯቸው ቁልቁል ይወርዳል። ከተማው ከላይ እስከ ታች ምን ያህል እንደሚርቅ በአንዲት ቃል እንኳ ሳይነገረን በእግራችን የወረድነው ያህል ይሰማናል። ሲደርሱ፣ ግማሹ ከመሬት በታች የሆነው ቤታቸው በፍሳሽ ተጥለቅልቆ ይጠብቃቸዋል። በማግስቱ ደግሞ ባለጸጋዋ እመቤት መኪና ውስጥ ተቀምጣ፣ ዝናቡ ሰማዩን እንዳጠራላትና መልካም ነገር ይዞ እንደመጣ በስልክ በደስታ ታወራለች። መኪናውን የሚነዳላት፣ ሌሊቱን ከተፈናቃዮች ጋር አዳራሽ ወለል ላይ ተኝቶ ያደረው የኪም ቤተሰብ አባት ነው። ካሜራው የሰውየውን ፊት ከማሳየት በቀር ምንም አይጨምርም። ሴትዮዋ ክፉ አለመሆኗም የፊልሙ ትልቅ ሐቀኝነት ነው፤ ደግ ሆና ሳለ ምንም አታይም።

ጥያቄ፦ «1917» ከኦስካር በፊት የነበሩትን ሽልማቶች ጠራርጎ ወስዶ ነበር። ታዲያ መጨረሻው ላይ ምን ነካው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የሚተርከው የሳም ሜንዴስ ፊልም ጎልደን ግሎብን፣ የብሪታንያውን ባፍታ፣ እንዲሁም የአሜሪካ ፕሮዲዩሰሮችና ዳይሬክተሮች ማኅበራት ሽልማቶችን ስላሸነፈ ብዙ ሰው የጠበቀው እሱን ነበር። ነገር ግን የምርጥ ፊልም ድምፅ አሰጣጥ ከሌሎቹ የኦስካር ዘርፎች ይለያል። መራጮች አንድ ፊልም ብቻ መርጠው አያቆሙም፤ ዕጩዎቹን ከአንደኛ ጀምረው በደረጃ ያስቀምጣሉ። ከግማሽ በላይ የአንደኝነት ድምፅ ያገኘ ከሌለ፣ አነስተኛ ድምፅ ያገኘው ፊልም ይወጣና እሱን ያስቀደሙ ሰዎች ድምፅ በሁለተኛነት ለጻፉት ፊልም ይሰጣል፤ አንዱ ከግማሽ እስኪያልፍም ድረስ ቆጠራው በዚህ መልክ ይቀጥላል። ስለዚህ ጥቂቶች አጥብቀው ከሚወዱት ፊልም ይልቅ ብዙዎች አንደኛ ወይም ሁለተኛ የሚያደርጉት ፊልም ዕድሉ ይሰፋል። አካዳሚው የድምፁን ቁጥር ይፋ ስለማያደርግ ከዚህ አልፎ መሄድ ግምት ይሆናል።

ስለ ፊልሙ ራሱ ካነሣን፣ ለሲኒማቶግራፊ (ለካሜራ ሥራው) የተሰጠው ሽልማት ለሮጀር ዲኪንስ የሚገባ ነበር። ፊልሙ ያለማቋረጥ በአንድ ምት የተቀረጸ እንዲመስል ታስቦ ስለተሠራ፣ ምሽጎቹ የተቆፈሩት ተዋንያኑ እየተራመዱ ንግግራቸውን ለመጨረስ የሚፈጅባቸው ርቀት በልምምድ ከተለካ በኋላ ነው። መጨረሻ አካባቢ ወጣቱ ወታደር ለማጥቃት ከምሽግ የሚወጡትን ጓዶቹን እያቋረጠ በሜዳው ላይ ሲሮጥ፣ ከሌሎች ጋር ተጋጭቶ ይወድቃል፤ ይህ በዕቅድ ያልነበረ አጋጣሚ ነበር፤ ተዋናዩ ጆርጅ ማኬይ ግን ተነሥቶ ሩጫውን ቀጠለ። እኔ ፊልሙን ከዘጠኙ ሦስተኛ አደርገዋለሁ። ከዚያ ከፍ የማላደርገው በየመንገዱ ብቅ እያሉ የሚሰናበቱት ታዋቂ ተዋንያን ጦርነቱን ረስቼ ተዋናዩን እንዳይ ስለሚያደርጉኝ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ «ዘ አይሪሽማን» ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በቅንነት ንገረኝ፣ ያን ያህል መርዘም ነበረበት?

መልስ፦ ነበረበት፤ በአሥር ዘርፎች ታጭቶ ባዶ እጁን መመለሱንም የዚያ ዓመት ትልቁ በደል አድርጌ እቆጥረዋለሁ። በስልክ እየቆራረጡ ያዩት ሰዎች ረዘመ ቢሉ አልፈርድባቸውም፤ ማርቲን ስኮርሴዚ ግን ርዝመቱን የሠራው ለመጨረሻው ክፍል ሲል ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፍራንክ ሺራን የማፍያ አለቆቹ ያዘዙትን ሁሉ ሲፈጽም የኖረ ሰው ነው፤ በመጨረሻም የቅርብ ወዳጁን፣ የሠራተኛ ማኅበር መሪውን ጂሚ ሆፋን በገዛ እጁ ይገድላል። ከዚያ በኋላ የሟቹን ሚስት ሊያጽናና ስልክ ይደውላል። ሮበርት ደ ኒሮ በዚያ ትዕይንት ቃል ይጀምርና ይተዋል፣ ይንተባተባል፣ ተስፋ እንድታደርግ ይነግራታል፤ እሱ ደግሞ ተስፋ እንደሌለ ከማንም በላይ ያውቃል። ከእሱ በፊት የነበሩት ሦስት ሰዓታት ባይኖሩ ኖሮ ያ ስልክ ያን ያህል አይከብድም ነበር።

ልጁ ፔጊ ጥቂት ቃላት ብቻ ነው የምትናገረው በማለት የሚቀርበውን ወቀሳም አልቀበልም። አባቷን ከልጅነቷ ጀምሮ ዝም ብላ ታየዋለች፤ ወደ ሆፋ ሚስት ለምን እንዳልደወለ ስትጠይቀው ያቺ አጭር ጥያቄ ከማንኛውም ፍርድ ቤት የበለጠ ትፈርድበታለች። ደካማ ጎኑን ግን አልደብቅም። ተዋንያኑን በኮምፒውተር ወጣት ለማስመሰል የተደረገው ጥረት ፊትን እንጂ አካልን አልለወጠም። ፍራንክ ባለሱቁን መንገድ ላይ አውጥቶ ሲደበድብ ፊቱ የጎልማሳ፣ እርግጫው ግን የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነው። ደ ኒሮ ለምርጥ ተዋናይ አለመታጨቱ፣ አብረውት የተጫወቱት ጆ ፔሺና አል ፓቺኖ ግን በረዳት ተዋናይነት መታጨታቸው አሁንም ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ «ጆከር» በ11 ዘርፎች በመታጨት አንደኛ ነበር። እንደ ድንቅ ሥራ የሚያዩትም፣ አደገኛ የሚሉትም አሉ። እርስዎ ከየትኛው ወገን ነዎት?

መልስ፦ ከሁለቱም አይደለሁም። ዋኪን ፊኒክስ የምርጥ ተዋናይነትን፣ አይስላንዳዊቷ ሂልዱር ጉድናዶቲር ደግሞ የሙዚቃውን ሽልማት መውሰዳቸው ትክክል ነው። የፊልሙ ምርጥ ቅጽበትም የሁለቱ ነው፦ ከመጀመሪያው ግድያ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቶ በሯን ዘግቶ በዝግታ ሲደንስ። ያ ትዕይንት በቀረጻው ላይ የተገኘው ዳይሬክተሩ ቶድ ፊሊፕስ የሂልዱርን ሙዚቃ ለተዋናዩ ካሰማው በኋላ ነበር፤ ሰውየው ሲለወጥ የምናየውም ያለ ንግግር ነው። ነገር ግን ያው ፊልም ፍጻሜው ላይ ጀግናውን የቴሌቪዥን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ማኅበረሰቡ የአእምሮ ሕመምተኛን እንዴት እንደሚጥል በንግግር ያስረዳናል። ያንን ስናይ ቆይተን ሳለ ለምን ይነገረናል? ይህንን ፊልምና «ፓራሳይት»ን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ ቦንግ ስለ ድህነትና ስለ ቁጣ በደረጃና በጠረን ብቻ ያለውን ፊሊፕስ በመነባንብ ለማለት እንደተገደደ ያያል።

ጥያቄ፦ ለዳይሬክተርነት የታጩት አምስቱም ወንዶች ነበሩ። የ«ሊትል ዊመን» ዳይሬክተር ግሬታ ገርዊግ ተበድላለች ብለው ያምናሉ?

መልስ፦ አምናለሁ፤ በእሷ ምትክ የምቀንሰው ሰውም ቶድ ፊሊፕስን ነው። ገርዊግ ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ዘርፍ ታጭታ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ሽልማቱን ያገኘች ብቸኛዋ ሴት በ2010 ያሸነፈችው ካትሪን ቢግሎ ነበረች። «ሊትል ዊመን» ብዙ ጊዜ ወደ ፊልም የተለወጠ ልብ ወለድ ነው፤ ገርዊግ ግን የእህትማማቾቹን ልጅነትና ጉልምስና እያፈራረቀች፣ ልጅነቱን በሞቀ ወርቃማ ብርሃን፣ ጉልምስናውን በቀዘቀዘ ቀለም አሳይታ፣ ተመልካቹ የትኛው ዘመን ላይ እንዳለ በዓይኑ እንዲያውቅ አድርጋለች። መጨረሻ ላይ ከእህትማማቾቹ አንዷ የሆነችው ጸሐፊዋ ጆ ከአሳታሚው ጋር ስለ ድርሻዋ ትከራከራለች፤ ሰውየው ገጸ ባሕርይዋ ማግባት አለባት ይላል፣ እሷ በዚህ ትስማማና የመጽሐፏን ባለመብትነት ግን አሳልፋ አትሰጥም። ከዚያም ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፏ ሲሰፋና ሲጠረዝ ቆማ ታያለች። ፊልሙ ከስድስት ዕጩነት ያገኘው ለአልባሳት ብቻ መሆኑ እጅግ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ «ማሬጅ ስቶሪ»ን ሳይ አለቀስኩ፤ ጓደኞቼ ግን አሰልቺ ነው አሉ። ምን ያህል ቦታ ይሰጡታል?

መልስ፦ አራተኛ። የኖዋ ባምባክ ፊልም በሰው ልብ የሚቀረው በባልና ሚስቱ ታላቅ ጠብ ነው፤ እኔ ግን ይበልጥ የምወደው ከዚያ በፊት ከጠበቆቻቸው ጋር ፍርድ ቤት የሚቀርቡበትን ትዕይንት ነው። ሁለቱ ዝም ብለው ተቀምጠው፣ በትዳራቸው ውስጥ የተፈጸሙ ትንንሽ ነገሮች በጠበቆቹ አፍ ወንጀል ሲሆኑ ይሰማሉ። ሎራ ደርን በረዳት ተዋናይትነት ያገኘችው ሽልማት የተገባ ነው።

ጥያቄ፦ «ጆጆ ራቢት»ስ?

መልስ፦ ልጆቹ ግሩም ናቸው። የእናትየዋ ጫማ በልጁ ዓይን ከፍታ ላይ የሚታይበት ትዕይንትም የዓመቱ ከባዱ ምስል ነው። የተቀረው ፊልም ግን ከናዚ ዘመን ጭካኔ ጋር የሚመጣጠን ክብደት የለውም፤ ከሌላ ሥራ ለተወሰደ የፊልም ጽሑፍ የተሰጠውን ሽልማትም ለ«ሊትል ዊመን» እሰጥ ነበር።

ጥያቄ፦ የእኛ አገር ፊልም በዚያ ዓመት ተወዳድሮ ነበር? የናይጄሪያው ለምን ተባረረ?

መልስ፦ ኢትዮጵያ «ረኒንግ አጌንስት ዘ ዊንድ» የተሰኘውን፣ ሯጭ መሆን ስለሚፈልግና ፎቶግራፍ አንሺ መሆን ስለሚመኝ ሁለት አብሮ አደጎች የሚተርከውን ፊልም ልካ ነበር፤ አልታጨም። ከዚያ በፊት የተላኩት የዘረሰናይ ብርሃኔ «ድፍረት» እና የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ም ለዕጩነት አልበቁም፤ «ላምብ» ግን በ2015 በካን በይፋ የቀረበ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም በመሆን የራሱን ታሪክ ሠርቷል።

የናይጄሪያው «ላየንሃርት» የተሰረዘው አብዛኛው ንግግሩ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው፤ ደንቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ንግግር ከእንግሊዝኛ ውጭ እንዲሆን ይጠይቃል። አካዳሚው በዚያው ዓመት የዘርፉን ስም ከ«ባዕድ ቋንቋ» ወደ «ዓለም አቀፍ» ለውጦ ሳለ፣ በቅኝ ግዛት ምክንያት እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ ያደረገን አገር በዚሁ ምክንያት ማግለሉ ፍትሐዊ አይመስለኝም። የአማርኛ ፊልሞች ይህ እንቅፋት የለባቸውም። የእነሱ ችግር መራጮቹ ዘንድ መድረስ ነው፤ ትልቅ ፌስቲቫል ላይ መታየትን፣ አከፋፋይ ማግኘትንና ለማስተዋወቅ የሚወጣ ከፍተኛ ገንዘብን ይጠይቃል። የሴኔጋሉ «አትላንቲክስ» በካን የግራንድ ፕሪ ሽልማት ካገኘና ኔትፍሊክስ ከገዛው በኋላ እስከ መጨረሻዎቹ አሥር መድረሱን ያየ ሰው መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ ይረዳል።

ጥያቄ፦ ከዘጠኙ ውጭ የሚመክሩን አለ? አባቴ ንብ አናቢ ስለሆኑ አንድ ስለ ማር የሚናገር ዘጋቢ ፊልም እንዳለ ሰምቼ ነበር።

መልስ፦ የሰሙት ስለ «ሃኒላንድ» ነው። የሰሜን መቄዶንያ ፊልም ሲሆን፣ በዘጋቢ ፊልምና በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፎች በአንድ ጊዜ በመታጨት የመጀመሪያው ነው። ሃቲጄ የተባለች ሴት ከአሮጊት እናቷ ጋር ሰው በለቀቀው መንደር ትኖራለች፤ ማር ስትቆርጥ ግማሹን ለራሷ ወስዳ ግማሹን ለንቦቹ ትተዋለች። ጎረቤት ሆኖ የመጣ ባለ ብዙ ልጆች ቤተሰብ ንብ ማነብን ከእሷ ይማራል፤ ነጋዴ መጥቶ ተጨማሪ ማር ሲጠይቀው ግን አባወራው ለንቦቹ ሊቀር የሚገባውንም ይቆርጣል፤ የእሱ ንቦች የእሷን ያጠቃሉ። ፊልሙ አንድም ተራኪ የለውም፤ ሠሪዎቹ ሦስት ዓመት ያህል እየተመላለሱ ቀርጸውታል። ለአባትዎ ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ አጠገባቸው ተቀምጠው መተርጎምም አይከብድዎትም። ከዘጠኙ ውስጥ ደግሞ «ፎርድ ቪ ፌራሪ»ን አስከትሉላቸው፤ ታሪኩ ቀላል ነው፣ በኤዲቲንግና በድምፅ ያገኛቸው ሁለት ሽልማቶችም በእሽቅድምድሙ ላይ በግልጽ ይታያሉ።