ፎርማውን ስንካፈል (ሽርክና ለምታስቡ ልጆቼ)

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ከጓደኛዋ ጋር የቆዳ ቦርሳ ስራ ሊጀምሩ ነው፣ ብሩ የጓደኛዋ ሙያው የሷ፣ "ጋሼ ውል እንፈራረም ብላት ቅር ይላት ይሆን?" ትለኛለች። ሶስት ቀን ሙሉ መልስ አልሰጠኋትም። ምክንያቱም ያኔ ቅር የተሰኘው ሰው እኔ ነኝ።

1987 ላይ ነው፣ መርካቶ ሸራ ተራ አካባቢ ከአንድ የሰፈር ጓደኛዬ ጋር ጫማ መስራት ጀመርን። እሱ 9,000 ብርና የአጎቱን ጓሮ ክፍል አመጣ፣ እኔ እጄን። ቆራጭ ነበርኩ። ትርፉን እኩል ተባባልን፣ በቃል፣ አለቀ። ሁለት ሰፊ ቀጠርን፣ እኔ ቶማያ፣ የጫማውን የላይኛውን ቆዳ፣ እቆርጣለሁ እሱ ይሸጣል። እስካሁን ማስቲሽ ሲሸተኝ ያ ክፍል ነው የሚመጣብኝ፣ እናቱ ቀትር ላይ ሽሮ በሳህን ይዘውልን ሲመጡ፣ እኔን ከሱ ለይተው አያውቁም ነበር፣ እንደውም ለኔ ነበር የሚያበዙልኝ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ለሰራተኛ ከፍለን ስንጨርስ ደብተር ይዞ መጣ። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፍሎታል፣ በአንዱ በኩል የሱ ስም በሌላው የኔ። ማን ምን አገባ፣ ማን ምን ወሰደ፣ ከታች ደግሞ "ብንለያይስ" የሚል። እቺ ቃል አቃጠለችኝ። "ሌባ ነኝ እንዴ? ገና ከአሁኑ መለያየት?" ብዬ ደብተሩን ገፋሁት፣ ሄዶ ማስቲሽ የፈሰሰበት ላይ አረፈ። አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ላጠው፣ ገጹ እንዳይቀደድ እየተጠነቀቀ፣ ኮቱ ውስጥ ከተተው፣ ከዛ ቀን በኋላ ስለ ደብተር አንስቶ አያውቅም።

እስከ 1993 አካባቢ ስራው ጥሩ ነበር። ከዛ የቻይና ጫማ መርካቶን አጥለቀለቀው፣ ዋጋው ርካሽ ሞዴሉ አዲስ፣ ስንት ቤት እንደተዘጋ ያኔ እዛ የነበረ ያውቀዋል። ከኛ በዱቤ የወሰዱ የክፍለ ሀገር ነጋዴዎች "አልተሸጠም" ማለት ጀመሩ። ዱቤውን የሚሰጠው እሱ ስለሆነ እኔ መጠርጠር ጀመርኩ፣ ሰብስቦ ደብቆኛል አልኩ። እሱ እንዳልሰበሰበ የሚያሳይበት እኔም የማይበት ነገር የለንም፣ የዱቤው ዝርዝር ግማሹ ካርቶን ላይ ግማሹ በቃሉ ነው ያለው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ደግ ሰዎች ነበሩ ግን ጫማ አያውቁም፣ "እኩል ነበራችሁ፣ እኩል ተካፈሉ" አሉን። ማሽኑ በእጣ ለሱ ደረሰ፣ ቆዳውና ሶሉ ለኔ። ፎርማው ላይ፣ ጫማው የሚወጠርበት የእግር ቅርጽ ላይ፣ ስንደርስ እልህ ተጋባን። እሱ 39፣ 41 እና 43ን ወሰደ፣ እኔ 40፣ 42 እና 44ን። አስቡት እስቲ፣ ነጋዴ ደርዘን ሲያዝ ቁጥሩ የተሰባጠረ ነው የሚፈልገው፣ ግማሽ ቁጥር ይዘህ ማን ያዝሃል? ሁለታችንም ይሄን አሳምረን እናውቅ ነበር። አንዳችንም አልተናገርንም፣ በማዳበሪያ ተሸክመን በየፊናችን ወጣን።

ከሁለት አመት በኋላ አንድ የደሴ ነጋዴ መንገድ ላይ አስቆመኝና "የናንተን እዳ ለማን ልክፈል?" አለኝ። ለካ ነጋዴው ለጓደኛዬ አልከፈለውም ነበር። ብሩን ተቀበልኩና ግማሹን ልወስድለት ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ፣ በመጨረሻ ስሄድ ቤቱን ለቋል። ጎረቤቷ "እናቱ ካረፉ በኋላ ሄደ" አለችኝ። ለቅሶ እንኳን አልደረስኩም።

ስለ መታመን ስለ ጠንክሮ መስራት ምናምን አልነግራችሁም፣ እሱን ታውቁታላችሁ። የሚገርመኝ ግን እኛ እቁብ እንኳን ያለ ዳኛና ያለ ጸሐፊ አንጥልም፣ እጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጥራ ሲባል ማንም አይቀየምም፣ ሽርክና ላይ ሲደርስ ነው ወረቀት ስድብ የሚሆነው። የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ሰኞ ስልጠና ላይ ተዋውቃችሁ አርብ ሸሪክ ናችሁ፣ ሎጎው ከሂሳቡ ይቀድማል፣ ይሄ ያስፈራኛል። በሌላ በኩል ብሩ በስልክ ስለሚሄድ ከኛ የተሻለ ማስረጃ አላችሁ፣ እሱን አልክድም።

ልጄ፣ ብር ያላትና ሙያ ያለሽ ስትሆኑ "እኩል" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉት። መጀመሪያ ለምትሰሪበት ደሞዝ ይቆረጥልሽ፣ ትርፉ ከዛ በኋላ ነው የሚከፈለው። ዱቤ ከስንት ብር በላይ ሲሆን ሁለታችሁም መስማማት እንዳለባችሁ ጻፉት። ብትለያዩ ደግሞ ሞዴሉም ስሙም ደንበኛውም አንድ ላይ ሲሆን ብቻ የሚሰራ ነገር ስለሆነ ሳይቆራረጥ አንዳችሁ ጋ ይቅር፣ ሌላዋ በብር ትካስ። እና ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁ በፊት ምን አይነት ማህበር እንደምታቋቁሙ ጠይቁ፣ የህብረት ሽርክና ከሆነ ማህበሩ የተበደረውን አበዳሪው ካንቺ ኪስ ሊጠይቅ ይችላል። በ2013 የወጣው የንግድ ህግ ለብቻም ኃላፊነቱ የተወሰነ ማህበር ማቋቋም ፈቅዷል፣ ስለዚህ ሸሪክ የግድ ስለሆነ ብቻ ሸሪክ አትያዢ።

ድሮ ከጓደኛ ጋር አትነግዱ እል ነበር። ግን ከሱ በኋላ ሁለት ሸሪክ ነበረኝ፣ ሁለቱም ማህተም ባለው ውል፣ ሂሳባችን ንጹህ ነበር፣ ሆኖም ለአንዳቸውም እንደሱ ቁልፍ ጥዬ ሄጄ አላውቅም። ስለዚህ ጠይቂያት። ቅር ካላት ተያት፣ ትንሽ ቆይተሽ ድገሚላት፣ እኔን አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጠይቀኝ እሺ እል እንደነበር አውቃለሁ።

40፣ 42 እና 44 አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ናቸው። ወንድሜ፣ ይሄ ጽሁፍ በሆነ መንገድ ከደረሰህ የደሴው ግማሽ እኔ ጋ ነው፣ በዛሬው ዋጋ አስቤ አስቀምጬልሃለሁ።