ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ስኬችአፕ ለምን ይንቀራፈፋል? የካቢኔት ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

አንድ ኪችን ሲሆን ሁሉም ነገር ይቀላል። ሥራው ሙሉ አፓርትመንት ሲሆን ግን ማውሱን ነክተህ ስክሪኑ እስኪከተልህ ትጠብቃለህ። ከዚያ ፕሮግራሙ ስታክ ያደርግና ይዘጋል፤ የግማሽ ቀን ሥራም አብሮ ይሄዳል። በዚህ የተቸገራችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ጥያቄዎቻችሁን ተራ በተራ እመልሳለሁ። የማወራው ኮምፒውተር ላይ ስለሚጫነው ስኬችአፕ ስለሚባለው የ3ዲ መሳያ ፕሮግራም ነው።

ጥያቄ፦ የ28 ቤት ኪችን ይዘናል። ሁሉንም አንድ ፋይል ላይ ሠራሁት። አሁን ማዞር እንኳ አቃተኝ። ላፕቶፑ 16 ጂቢ ራም አለው። ራም ልጨምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብር ከማውጣትህ በፊት እጀታዎቹን እይ። አንዱን እጀታ ኮፒ አድርገህ ባዶ ፋይል ላይ ለጥፈው። ከዚያ ሞዴል ኢንፎ ውስጥ ስታቲስቲክስ የሚለውን ክፈት፤ ስንት ፌስ (ጠፍጣፋ ገጽ) እንዳለው ይነግርሃል።

አንድ የካቢኔት ጎን ወይም መደርደሪያ 6 ፌስ ብቻ ነው ያለው። ከ3ዲ ዌርሃውስ (ሰዎች የሠሯቸው ሞዴሎች ከሚወርዱበት ድረገጽ) የወረደ እጀታ ግን ብዙ ጊዜ ለቆንጆ ፎቶ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ሺዎች ሊኖሩት ይችላል። 5,000 ነው እንበል። በአንድ ኪችን 14 እጀታ ካለ፣ በ28 ቤት 392 እጀታ ነው። ወደ 2 ሚሊዮን ፌስ ተሸክመህ ነው የምትሠራው። አንዱ እጀታ ብቻውን ከ800 መደርደሪያ በላይ ይከብዳል ማለት ነው! ራም ብትጨምር ይህን አይፈታልህም።

እጀታውን ራስህ ሥራው። ስኬችአፕ ክብ ሲስል ሳትነግረው 24 ጎን ይሰጠዋል። 12 ሚሊሜትር ለሆነች ዘንግ 8 ጎን ይበቃል፤ ክቡን ከመሳልህ በፊት 8 ብለህ ጻፍና ኢንተር በል። ከዚያ የድሮዎቹን እጀታዎች በሙሉ ምረጥ፣ የኮምፖነንት (አንዱ ሲስተካከል ኮፒዎቹ ሁሉ አብረው የሚስተካከሉለት ዕቃ) ዝርዝሩ ውስጥ አዲሱ ላይ ራይት ክሊክ አድርግና ሪፕሌስ ሰሌክትድ በል። ሁሉም በአንዴ ይቀየራሉ። ማጠፊያውን፣ የመሳቢያ ሐዲዱን፣ የሲንክ ቧንቧውንም እንዲሁ ፈትሽ። መጨረሻ ላይ ፐርጅ አንዩዝድ በል፤ አለበለዚያ የጣልከው እጀታ ፋይሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ግን እኮ ሁሉንም ኮምፖነንት አድርጌዋለሁ። ኮምፖነንት አይከብድም ይባል የለ?

መልስ፦ ፋይሉ አይከብድም፣ እውነት ነው። ስክሪኑ ግን እያንዳንዱን ኮፒ መሳል አለበት። ስለዚህ ፋይሉ ትንሽ ሆኖ ሞዴሉ አልዞር ሊል ይችላል። እጀታዎቹን በአንድ ታግ (በአንዴ የሚታይና የሚደበቅ ምድብ) ሰብስበህ ስትሠራ አጥፋው። ሻዶውን (ጥላውን)፣ ፕሮፋይሉን (ወፍራሙን የጠርዝ መስመር) እና ኤክስሬይንም (ውስጡን አሳልፎ የሚያሳየውን) አጥፋ። ልዩነቱ ወዲያው ይታይሃል።

ጥያቄ፦ እኔ ዲዛይነር ነኝ። ፋይሉን እንከፋፍለው ስል አለቃዬ ሕንፃውን በሙሉ አንድ ላይ ማየት ይፈልጋል። እንዴት ላስታርቀው?

መልስ፦ እህቴ፣ ትክክል ነሽ፣ ይከፈል። ደግሞ እንደ መጀመሪያው ጠያቂ 28 ቤት ቢሆን እንኳ 28 ዓይነት ኪችን ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓይነት ነው፤ የቀረው የእነሱ ግልባጭ ነው። ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ፋይል ክፈቺ። ዝርዝሩ፣ ማጠፊያው፣ የውስጥ መደርደሪያው እዚያ ይኑር። ለአለቃሽ ሌላ ፋይል አዘጋጂለት፤ በእሱ ላይ ካቢኔቶቹ ውስጣቸው ባዶ የሆነ ሳጥን ይሁኑ። ከውጭ ሲታይ ልዩነት የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይወድቃል። ፕላን ላይ እኩል የሆኑ ግድግዳዎች ልስንና ሴራሚክ ከገባ በኋላ እኩል አይሆኑም። ሳይት ሄደሽ ስትለኪ አንዱ ቤት በ15 ሚሊሜትር ሊጠብ ይችላል። ለዚህ ተብሎ አዲስ ሞዴል አይሠራም። ካቢኔቶቹን አትንኪ፤ ልዩነቱን ግድግዳው ጋ ያለው መሙያ (ክፍተት የሚዘጋው ቁራጭ) ይሸከመው። የየቤቱን የመሙያ ስፋት ደግሞ በኤክሴል ያዢው።

ጥያቄ፦ የቁርጥ ዝርዝር ላወጣ ስል ነው የሚዘጋብኝ።

መልስ፦ ከላይ እንዳልኩት በየዓይነቱ በተከፈለው ፋይል ላይ አውጣው። ኦፕንከትሊስት የሚባለው የስኬችአፕ ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ነፃ ነው፤ 2440 በ1220 ሚሊሜትር ቦርድ ላይ አደላድሎ ይሰጥሃል። እያንዳንዱ ቁራጭ ግን ኮምፖነንት መሆን አለበት፣ ግሩፕ ከሆነ አይቆጥረውም። ከአንዱ ዓይነት ስንት ቤት እንዳለ አይተህ ብዛቱን አባዛ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ወርክሾፕ አለኝ። ለልጆቹ ምን ዓይነት ኮምፒውተር ልግዛላቸው? ሻጩ ኮሩ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል) በበዛ ቁጥር ይሻላል ይላል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ለሬንደር (ፎቶ የሚመስል ምስል ለማውጣት) ከሆነ ልክ ነው። ስኬችአፕ ላይ ለመሳል ግን አይደለም። ሞዴል ሲሠራ በዋናነት የሚጠቀመው አንድ ኮር ነው። ስለዚህ አንዱ ኮር ፈጣን የሆነውን ይምረጡ። የራሱ ግራፊክስ ካርድና ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ይኑረው። ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ፣ ልጆቹ ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ስኬችአፕን ሃይ ፐርፎርማንስ ላይ ያድርጉት። ጥሩ ካርድ ተገዝቶ ሥራ ፈት ሆኖ የሚቀመጥበት ቤት ብዙ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ዩፒኤስ አብረው ይግዙ፤ መብራት ሲሄድ ሴቭ የሚያደርጉበት ደቂቃ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ ሲዘጋብኝ ሥራዬን ከየት ላግኘው?

መልስ፦ ስኬችአፕ ካልቀየርከው በስተቀር በየ5 ደቂቃው ራሱ ሴቭ ያደርጋል። በክራሽ ከተዘጋ ያ ፋይል ይቆይሃል፤ በሰላም ከዘጋኸው ግን ይጠፋል። ክሬት ባክአፕ የሚለው ከበራ ደግሞ ከፋይልህ ጎን የቀደመው ሴቭ ይቀመጣል። በአሮጌዎቹ ቨርዥኖች የፋይሉ ስም መጨረሻ ኤስኬቢ (.skb) ነው፤ ኤስኬፒ (.skp) ብለህ ስትቀይረው ይከፈታል። ፍላሽ ላይ ያለ ፋይል ከፍተህ ግን ፈጽሞ አትሥራ። ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጠው፣ ስትጨርስ ወደ ፍላሹ መልሰው።

ጥያቄ፦ የእንጨት ቀለም ስቀባ ነው የሚብሰው።

መልስ፦ ከካታሎግ የተነሳ ትልቅ ፎቶ ይሆናል። ወደ 1024 ፒክስል አሳንሰው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አደረግኩ፣ አሁንም ይዘጋል። ያለሁት ክራክ ቨርዥን ላይ ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ ኤክስቴንሽኖቹን በሙሉ አጥፋ። ካልዘጋ ግማሾቹን መልሰህ አብራ፤ እንዲህ እያልክ ጥፋተኛውን ታገኘዋለህ። አልከፈት ያለ ፋይል ካለህ ደግሞ አዲስ ባዶ ፋይል ክፈትና ኢምፖርት በሚለው አስገባው፤ ብዙ ጊዜ ይመጣል።

ክራኩን በተመለከተ በግልጽ ልንገርህ። ውስጡ ምን እንደተነካ ስለማይታወቅ ለምን እንደሚዘጋ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርህ አይችልም። የሰው ቤት በቀጠሮ የምታስረክብ ባለሙያ በእሱ ላይ መተማመን የለብህም። መክፈል ካልተቻለ ፍሪካድ የሚባለው ሌላ የ3ዲ መሳያ ፕሮግራም በነፃና በሕጋዊ መንገድ ይሠራል፤ የእንጨት ሥራ ተጨማሪም አለው። ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። በአንድ ቁምሳጥን ጀምርበት፤ የያዝከውን አፓርትመንት ግን እስክታስረክብ ድረስ ወደ እሱ አታዛውር።