የአባቴ ቬስፓ፣ የዓባይ ቁልቁለትና ሌሎች ጥያቄዎች

ስለ ድሮ ሞተር ሳይክሎች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ እመልሳለሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁት “ምን ልቀይር?” እያላችሁ ነው። እኔ ግን ከመቀየር በፊት ማጽዳትና መለካት ይቀድማል ባይ ነኝ። የድሮ ሞተር ችግር አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ፣ የደረቀ ጎማ ወይም የተሳሳተ ልክ ነው። መልሶቼም በዚሁ መንፈስ የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደብረ ዘይት ግቢያችን ውስጥ ያቆመው ቬስፓ አለ። ከሞተ ወዲህ ማንም አልነካውም። ለገና ስመጣ ላስነሳው እፈልጋለሁ። መካኒኩ “ቤንዚን ጨምረን ገፋ እናደርገዋለን” ይላል። ልስማው?

መልስ፦ አትስሚው እህቴ። ብዙ ዓመት የቆመ ሞተር ውስጥ ፒስቶኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። በጉልበት ከተገፋ ፋሻው (ፒስቶኑን የከበበው የብረት ቀለበት) ይሰበራል፣ ሲሊንደሩም ይቧጠጣል። ያን ጊዜ ርካሽ የነበረው ሥራ ውድ ይሆናል።

መጀመሪያ ካንዴላውን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን) አስፈቺ። በቀዳዳው ንጹህ የሞተር ዘይት ከትንሽ ናፍታ ጋር አቀላቅለሽ ሁለት ሦስት ማንኪያ አፍስሺበትና ይደር። በማግስቱ ካንዴላው እንደወጣ ማርሽ አስገብተሽ ቀስ እያልሽ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሺው። እምቢ ካለ አታስገድጂው። ዘይት ጨምረሽ ሌላ ሁለት ቀን ስጪው።

ሳልባታዮው (የቤንዚን መያዣው) ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ሙጫ ደርቋል። ሙሉ በሙሉ ይፈስስ፣ ዝገት ካለውም ይታጠብ። ካርቡራቶሩ ተፈትቶ ይጽዳ። መካኒኩ የካርቡራቶሩን ቀጭን ቀዳዳዎች በሽቦ እንዲወጋ ግን አትፍቀጂለት። ናሱ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ከዚያ በኋላ ልኩን አያገኝም። በቤንዚን ታጥቦ በአየር መነፋት ይበቃዋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን ልንገርሽ። በሞተሩ ዋና ዘንግ ግራና ቀኝ ዘይትና አየር የሚያግዱ የጎማ ቀለበቶች አሉ። በቆመ ሞተር ላይ ይደርቃሉ። በዲናሞው በኩል ያለው ሲያስተላልፍ ትርፍ አየር ይገባል። ሞተሩ ይነሳል፣ እንዲያውም ፈጠን ይላል፣ ግን ከልክ በላይ ይግልና መንገድ ላይ ይነክሳል፣ ማለትም ፒስቶኑ ተጣብቆ ይቆማል። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ሲበላሽ ደግሞ የማርሹን ዘይት ይስብና ወፍራም ጭስ ያጨሳል። ቀለበቶቹ ውድ አይደሉም። ሳይነዳ በፊት አስቀይሪያቸው። ያለ ጥርጥር ቀይሩ የምለው እነሱን ብቻ ነው።

ቬስፓ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩት አብዛኞቹ 2 በመቶ ይፈልጋሉ፣ ይህም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ዘይት ማለት ነው። የ1950ዎቹ መጀመሪያዎቹ ግን 5 በመቶ የሚጠይቁ ነበሩ። ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር በፎቶ አንሺና ሞዴሉን ለይ፣ ከዚያ ልኩን ከመመሪያው አረጋግጪ። ዘይቱን በጀሪካን ቀላቅለሽ ጨምሪ እንጂ በቀጥታ ሳልባታዮው ውስጥ አታፍስሺ፤ ከታች ሊዘቅጥ ይችላል።

በመጨረሻ የእግር ማሳረፊያውን ምንጣፍ ገልጠሽ ከሥሩ እዪ። ቬስፓን እ.ኤ.አ. በ1946 ለፒያጆ የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። እንደ ሌላው ሞተር የቱቦ ሻንሲ አላደረገለትም። ላሜራው ራሱ ነው ሻንሲው። ስለዚህ ወለሉ ከዛገ የዛገው የሚሸከምሽ አካል ነው። ሌላው ሁሉ ቢሳካ እንኳ ወለሉ ሳይጠገን አትንጂው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ያማሃ ዲቲ 125 አለኝ። ድሬዳዋ እያለሁ እንደ ጥይት ነበር። ሥራ ቀይሬ ወደዚህ ከመጣሁ ወዲህ ጉልበት አጣ፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚንም ይበላል። ፋሻ ይቀየር ተባልኩ።

መልስ፦ ፋሻህን ተወው ወንድሜ። የተቀየረው አየሩ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡራቶሩ ግን ይህን አያውቅም፤ የለመደውን ያህል ቤንዚን ይሰጣል። ቤንዚኑ ለአየሩ ስለሚበዛ በደንብ አይነድም። ጥቀርሻው የመጣው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እጠብ። ከዚያ በካርቡራቶሩ ውስጥ ከጋዙ ጋር የሚወጣውን መርፌ አውጣና የያዘችውን ቅንጥብ አንድ እርከን ወደ ላይ አድርግ። መርፌው ዝቅ ይላል፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። ሙሉ ጋዝ ስትሰጥ አሁንም የሚታፈን ከሆነ ቤንዚን የምትለካውን ዋናዋን ቀዳዳ ያለባትን ትንሽ የናስ ብሎን በአነስተኛ ቁጥር ቀይራት። በየእርምጃው ካንዴላውን እያየህ ሂድ። ቡናማ ከሆነ ደርሰሃል፣ ከነጣ ቤንዚኑን ከልክ በላይ አሳንሰሃል።

የድሮዋን ብሎን ግን እንዳትጥላት! ሞተሩን ይዘህ ወደ ቆላ የምትወርድ ከሆነ ሁሉንም ወደ ነበረበት መልስ። ለደጋ የተሳሳ ልክ ቆላ ላይ ሞተሩን ከመጠን በላይ ያግለዋል፣ ፒስቶን እስከመብሳትም ይደርሳል። እኔ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ቁጥሩንና ቦታውን ጽፌ በፖስታ አስቀምጣለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የወጣትነቴን ላምብሬታ አሳድሼ መንዳት ጀምሬያለሁ። ወደ ጎሃ ጽዮን ልሻገር አስቤ የዓባይ ቁልቁለት አስፈራኝ። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል ጋሼ፣ ግን መፍራትዎ ትክክል ነው። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው የሚወርዱት፣ ያውም በከባድ መኪናዎች መካከል።

ሁለት ነገር ያስቡ። አንደኛው ፍሬኑ ነው። የከበሮ ፍሬን ለረጅም ጊዜ ሲያዝ ይግላል፣ ሲግልም መያዝ ይቀንሳል። ስለዚህ ገና ከላይ በዝቅተኛ ማርሽ ይጀምሩ። ፍሬኑን አጥብቀው ያዝ፣ ከዚያ ለቀቅ ያድርጉ እንጂ ይዘውት አይውረዱ። ሲሸትዎ ዳር ይዘው ያቁሙና በራሱ ይብረድ፣ ውሃ አያፍስሱበት።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። የላምብሬታዎ ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቁልቁለት ላይ ጋዙ ተዘግቶ ማርሹ ሞተሩን በፍጥነት ሲያዞረው ቤንዚን አይገባም፣ ዘይቱም አብሮ ይቀራል። ሞተሩ ደርቆ ይዞራል ማለት ነው። በየጥቂቱ ፍሪሲዮኑን ይያዙና ጋዝ ሰጥተው ይልቀቁ። በመንገዱ ሁሉ ሁለት ጣት ፍሪሲዮኑ ላይ ይሁን፤ ሞተሩ ድንገት ቢነክስ የኋላ ጎማው ሳይቆለፍ ቶሎ ይይዙታል።

ከመነሳትዎ በፊት የፍሬን ሸራውን ያስፈትሹ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ያለበት ሊሆን ስለሚችል ብናኙ በአየር አይነፋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። አስቤስቶስ ለሳንባ ካንሰር ይዳርጋል። ይህን ለመካኒክዎም ይንገሩልኝ።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ለሆንዳ ሲጂ 125 የመኪና ዘይት ብጠቀም ምን ይላል?

መልስ፦ ሲጂ ውስጥ ሞተሩ፣ ማርሹና ፍሪሲዮኑ በአንድ ዘይት ነው የሚሠሩት። አንዳንድ የመኪና ዘይት ነዳጅ ለመቆጠብ ማንሸራተቻ ይጨመርበታል፣ ይህም ፍሪሲዮንህን ያሸራትተዋል። ዕቃው ላይ “ጃሶ ኤም ኤ” የሚል ምልክት ያለበትን ግዛ። ሆንዳ ይህን ሞተር በ1970ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ሲያወጣ ጥገና ባያገኝም እንዲችል አስቦ ነው የሠራው። ቻይ ስለሆነ ግን አትበድለው። በአቧራ መንገድ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ቀይር።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሻጩ “ጎማው አዲስ ነው” ይላል። በምን ልወቅ?

መልስ፦ ጎኑ ላይ ባለው የፋብሪካ ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ ፈልግ። 2314 ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አትንዳበት።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ የ1960ዎቹ ቢኤምደብሊው አር 60 ገዛሁ። ጥቁር ቀለሙ ደብዝዟል። ቀይ ላስቀባው ነው።

መልስ፦ እባክህ ተው። በሳልባታዮው ላይ ያሉት ነጭ መስመሮች በፋብሪካው ሠራተኛ እጅ የተሳሉ ናቸው። ሰም ቀብተህ ወልውለው፣ የዛገውን ብቻ አክም። የምትኖርበት አገር ሕግም ከእኔ ጋር ነው። ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላው ተሽከርካሪ በሰሌዳው ላይ ‘ኤች’ የሚል ፊደል የሚያገኘው አብዛኛው አካሉ እንደ ጥንቱ ሆኖ በባለሙያ ሲመሰከርለት ነው። ሰሌዳውን ካገኘህ የሞተር ሳይክል ግብሩ በዓመት ወደ 46 ዩሮ ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ)፦ የድሮ ሞተር ልገዛ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ከሞተሩ በፊት ሊብሬውን እይ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራስህ ፋቅ ፋቅ አድርገህ ከሊብሬው ጋር አስተያይ። ቁጥሩ ከተፋቀ ወይም ከተበየደ ትተህ ሂድ፣ የቱንም ያህል ቢያምር። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ፤ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደሚነሳ ማየት አለብህ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ሳይክል መንዳት መከልከሉንም አትርሳ። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ወደ ትራንስፖርት ቢሮው ጎራ በልና አሁን ያለውን አሠራር ጠይቅ። ፈቃዱን የማታገኝ ከሆነ ሞተሩን ከከተማው ውጭ የት እንደምታቆመውና የት እንደምትነዳው አስቀድመህ ወስን። ቆሞ የሚውል ሞተር ምን እንደሚሆን ከላይ ለእህታችን ጽፌያለሁ።