«ፋይል ባይኖረውስ?» ላሉሽ ጥያቄ

ሰላም እህቴ፣

ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ነገርሽን ባጭሩ ላስቀምጠው። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው። ሳይት ላይ የኢንስታሌሽን ተቆጣጣሪ ሆነሽ ሠርተሻል፤ ሬቪት የሚባለውን የሕንፃ ንድፍ ሶፍትዌር ማታ ማታ በራስሽ ተምረሻል። ካዛንቺስ አካባቢ ያለ አንድ አማካሪ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶሽ «የመብራት ስሌት ትሠሪያለሽ?» ሲሉሽ «አዎ፣ አይ ኢ ኤስ ፋይል እየጫንኩ እሠራለሁ» አልሽ (መብራቱ ወዴት ምን ያህል ብርሃን እንደሚሰጥ የያዘው ፋይል ማለት ነው)። «አቅራቢው ያመጣው ዕቃ ፋይል ባይኖረውስ?» ሲሉሽ ግን መልስ አጣሽ። አሁን የምትጠይቂኝ ለሦስት ወር የሬቪት ኮርስ ልክፈል ወይ ነው፤ ያንን ቢሮ እንደገና ማነጋገር ያሳፍር እንደሆነም ጠይቀሻል።

ለኮርሱ ለጊዜው አትክፈይ። ሬቪት ውስጥ የቱ ጋ ምን እንደሚጫን ታውቂያለሽ፤ የጎደለሽ እሱ አይደለም። ጠያቂሽ ያነሳው እዚህ ከተማ ሕንፃ የሚነድፍ ሁሉ የሚያውቀውን ራስ ምታት ነው። ንድፉ ሲሠራ የአንድ አውሮፓዊ አምራች የመብራት ፓናል ይመረጣል፤ ምክንያቱም ፋይሉ በነጻ ይገኛል። ሕንፃው ኮርኒስ ላይ ሲደርስ ኮንትራክተሩ መርካቶ ወርዶ ያገኘውን 60 በ60 ፓናል ይዞ ይመጣል። ሲሰቀሉ ሁለቱን የሚለይ ዓይን የለም። ስሌቱ ግን የተሠራው በመጀመሪያው ነው፤ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ማለት ነው። ሰውየው ማወቅ የፈለገው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምሽ ምን እንደምታደርጊ ነው።

ስለዚህ ከሶፍትዌሩ በፊት ፋይሉን እወቂው። አንዱን አይ ኢ ኤስ ፋይል በኖትፓድ ክፈቺ። ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ምስጢር የለውም። አወቃቀሩ ኤል ኤም-63 የሚባለው የሰሜን አሜሪካ የመብራት ምህንድስና ማኅበር ደረጃ ሲሆን መጀመሪያ የወጣው በ1986 ነው (እንደ ፈረንጆቹ)፤ በ1991፣ በ1995፣ በ2002 እና በ2019 ተሻሽሏል። የትኛው እትም እንደሆነ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው መስመር ራሱ ይነግርሻል። ቀጥሎ የአምራቹ ስም፣ የካታሎግ ቁጥሩ፣ የለካው ላቦራቶሪና የሙከራው ቁጥር ይመጣሉ። ብዙ ሰው እነዚህን መስመሮች ዘሎ ያልፋል፤ እኔ ብሆን ቃለ መጠይቅ ላይ የምጠይቀው ስለ እነዚሁ ነው። የላቦራቶሪ ስም የሌለው ፋይል ማን እንደለካው አይታወቅም፤ የካታሎግ ቁጥሩ ከዳታ ሺቱ (ከዕቃው መግለጫ ወረቀት) ጋር የማይገጥም ከሆነ ደግሞ የሌላ ዕቃ ፋይል ነው።

ከዚያ ቁጥሮች ይመጣሉ፦ የአምፖል ብዛት፣ የአንዱ አምፖል ሉመን (የሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን)፣ ማባዣ (የብርሃን ቁጥሮቹ ሁሉ የሚባዙበት)፣ የማዕዘኖች ብዛት፣ የመለኪያ አሃዱ ፊት ይሁን ሜትር፣ የዕቃው ስፋት፣ ርዝመትና ከፍታ፣ የሚወስደው ዋት። በሉመን ቦታ -1 ካየሽ ስህተት እንዳይመስልሽ፤ ኤል ኢ ዲ ዕቃ ከነአምፖሉ እንደ አንድ አካል ተለክቷል ማለት ነው። የቀረው ሁሉ በየማዕዘኑ የሚወጣው ብርሃን በካንዴላ (ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ብርሃን መለኪያ) ነው። ቀለሙ ነጭ ይሁን ቢጫ ከእነዚህ ቁጥሮች አታገኚውም፤ ዳታ ሺት የሚያስፈልግሽ ለዚህም ነው። አውሮፓውያኑ ኤል ዲ ቲ የሚባል ሌላ ዓይነት ፋይል ይጠቀማሉ፤ እዚያ ውስጥ ካንዴላው የሚጻፈው ለ1,000 ሉመን ተሰልቶ ነው። ዲያሉክስ የሚባለው የመብራት ማስያ ሶፍትዌር ሁለቱንም ይቀበላል፤ ሬቪት ግን የሚፈልገው አይ ኢ ኤሱን ነው።

ሬቪት ላይ ጀማሪ የሚሳሳትባቸውን ሁለት ነገሮች ልንገርሽ። ፋሚሊው (ሬቪት ውስጥ ያለው የዕቃው ሞዴል) ውስጥ የምትጭኚው ፋይል የብርሃኑን ቅርጽ እንጂ የኤሌክትሪክ ጭነቱን አይለውጥም። ፋይሉ 36 ዋት እያለ ፋሚሊው ላይ 100 ቪ ኤ (የኤሌክትሪክ ጭነት መለኪያ) ተጽፎ ከቀረ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ፓናል ሠንጠረዥሽ 100 እያለ ይደምራል፤ ኬብሉና ብሬከሩም በዚያው ይመረጣሉ። ሳይት የሠራሽ ስለሆንሽ ይህ ምን እንደሚያስከትል ላንቺ አላስረዳም። ሁለተኛው፣ ሬቪት ለአንድ ክፍል የሚሰጥሽ ሉክስ (አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ሉመን) በሉመን ዘዴ፣ ማለትም ክፍሉ ላይ የሚያርፈውን ሉመን ለስፋቱ በማካፈል፣ የተሰላ አማካይ ነው። ጥጉ ጨለማ ሆኖ መሐሉ ቢያበራም አማካዩ ጥሩ ሊመስል ይችላል። ነጥብ በነጥብ ለማየት ዲያሉክስ ኢቮ ይሻልሻል፤ የጀርመኑ ዲያል ድርጅት በነጻ ይሰጠዋል፣ ሞዴልሽንም ከሬቪት በአይ ኤፍ ሲ (ሶፍትዌሮች ሞዴል የሚለዋወጡበት የፋይል ዓይነት) አውጥተሽ ታስገቢበታለሽ። ለኮርሱ ያሰብሽው ብር ኪስሽ ይቀራል።

አሁን ለሲቪሽ አንድ ሥራ ሥሪ። አንድ ክፍል ይበቃል፤ ሙሉ ሕንፃ አትጀምሪ፣ አትጨርሽውም። 8 በ6 ሜትር የሆነ ቢሮ ውሰጂ። የአውሮፓው ኢ ኤን 12464-1 ደረጃ ለንባብና ለጽሑፍ ሥራ 500 ሉክስ፣ የዓይን መንጸባረቅ መለኪያው ዩ ጂ አር ደግሞ ከ19 እንዳይበልጥ ይላል። የኛን ኢ ቢ ሲ ኤስ 10ንም አጠገብሽ አድርጊ፤ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደንብ ስለሆነ ይጠይቁሻል። መጀመሪያ በእጅ አስዪ፦ 48 ካሬ ሜትር በ500 ሲባዛ 24,000 ሉመን። የአጠቃቀም መጠኑን (ከሚወጣው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ የሚደርሰውን ድርሻ) 0.6፣ የጥገና መጠኑን (ከአቧራና ከእርጅና በኋላ የሚቀረውን ድርሻ) 0.8 ብለሽ ብትይዢ ማካፈያው 0.48 ነው፤ 50,000 ሉመን ያስፈልግሻል። ባለ 3,600 ሉመን ፓናል ከሆነ 14 ይወጣል፤ ለአደራደር እንዲያመች ግን 15 አድርጊው፣ አምስት አምስት በሦስት ረድፍ። አማካዩ 540 ሉክስ ገደማ ይሆናል።

ቀጥለሽ ኮንትራክተሩ በምትኩ ያመጣው ፓናል 2,700 ሉመን ብቻ የሚሰጥ ነው ብለሽ አስቢ። ቅርጹም ብዛቱም ያው፣ ሉክሱ ግን 405። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጪ። ከዚያ ሁለቱንም ዲያሉክስ ላይ በየራሳቸው ፋይል ሥሪና ከእጅ ስሌትሽ የት ላይ እንደተለያየ በሦስት መስመር አብራሪ። መለያየቱ አይቀርም፤ 0.6ን የገመትሽው አንቺ ነሽ፣ ሶፍትዌሩ ግን ከፋይሉና ከግድግዳው ቀለም አውጥቶታል። ይህን አንድ ገጽ ይዞ የሚመጣ አመልካች ከአሥር ሰርተፍኬት ይልቅ ዓይኔን ይስበዋል።

ያላገኘሽው መልስም ይህን ይመስላል። ሱቁን ሳይሆን አምራቹን በካታሎግ ቁጥሩ ጠይቂ፤ ባለ ሱቁ ያለው ካርቶኑ ብቻ ነው። ከአምራቹም ከታጣ፣ ፋይል ያለው አቻ ዕቃ በጽሑፍ አቅርቢ። አሠሪው ያንኑ ዕቃ የግድ ከፈለገ፣ በተመሳሳይ ዕቃ ፋይል አስልተሽ «በግምት የተሠራ» ብለሽ ሪፖርቱ ላይ ጻፊ፤ ከዚያ አንድ ክፍል ላይ ለናሙና አስሰቅለሽ ማታ በሉክስ ሜትር ለኪ። የማይደረገው የአንዱን አምራች ፋይል ከፍቶ ሉመኑን ቀይሮ፣ ስሙን እንዳለ ትቶ ማቅረብ ነው። ማባዣው ቦታ ላይ ቁጥር መቀየር በቴክኒክ ይቻላል፤ ሳትናገሪ ካደረግሽው ግን ማጭበርበር ነው። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚል አለቃ ይገጥምሽ ይሆናል። ፊርማው የማን እንደሆነ ጠይቂው።

ሲቪሽ ላይ «ላይቲንግ ዲዛይነር» ብለሽ አትጻፊ። በዚህ ስም የሚወጣ ማስታወቂያ እዚህ እምብዛም አላይም፤ «ጁኒየር ኤሌክትሪካል ኢንጂነር» በዪና ሥር ላይ «የመብራት ስሌት፣ ዲያሉክስ እና ሬቪት» ጨምሪ። የሳይት ልምድሽን ወደ ታች አትግፊው፤ ከላይ ይሁን። ቢሮ ውስጥ ብቻ ያደገ ነዳፊ የተቀየረ ዕቃ ሲመጣ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ አንቺ ካርቶኑ ሲከፈት ቆመሽ አይተሻል። ልምምድ ከፈለግሽ ደግሞ አንድ ምሽት ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግርሽ ሂጂ፤ የኮሪደሩ መብራቶች ወደ መንገድና ወደ እግረኛው ብርሃናቸውን እንዴት እንደሚከፍሉ አስፋልቱ ላይ እያየሽ፣ የመንገድ መብራት ፋይል 90 ዲግሪ ዞሮ ቢገባ ምን እንደሚመስል አስቢ። ስሌት ላይ የሚያጋጥም ስህተት ነው።

ወደዚያ ቢሮ መጻፍ አያሳፍርም። ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም፤ «በቃለ መጠይቁ ላይ ለጠየቁኝ ጥያቄ በቂ መልስ አልሰጠሁም፤ ሠርቼ ያየሁትን አያይዤ ልኬያለሁ» ይበቃል። የምታያይዢው ገጹን በፒ ዲ ኤፍ እንጂ የሬቪት ፋይሉን አይደለም፤ እሱን ለመክፈት ጊዜ ያለው አለቃ የለም። በሁለት ሳምንት ካልመለሱልሽ ያንኑ ገጽ ይዘሽ ሰንጋተራና ሜክሲኮ አካባቢ ወዳሉት ሌሎች አማካሪዎች ሂጂ።