የፓይ አሃዞች ትክክለኛነት በምን ይረጋገጣል?

ጥያቄ፦ የፓይ (የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ 3.141592…) አሃዞች ማለቂያ እንደሌላቸው በትምህርት ቤት ተምረናል። ኮምፒውተሮች እስከ ትሪሊዮኖች ማስላታቸውን፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አሃዞችን በቃላቸው የሚወጡ ሰዎች መኖራቸውንም አነበብኩ። ማንም አስቀድሞ የማያውቀው አሃዝ ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል? ሰዎቹስ ይህን ሁሉ እንዴት ይይዙታል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄዎ የክብረ ወሰን ፈላጊዎችን ሁሉ ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሻንክስ ዓመታት ፈጅቶ በእጁ ያሰላቸውን 707 የአስርዮሽ አሃዞች እ.ኤ.አ. በ1873 አሳተመ። ከ70 ዓመታት በኋላ ፈርጉሰን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ በተለየ ቀመር ስሌቱን እንደ አዲስ ሲሠራው፣ ሻንክስ 528ኛው አሃዝ ላይ መሳሳቱን፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም ሁሉ ከንቱ ልፋት መሆኑን ደረሰበት። ሻንክስ ይህን ሳይሰማ ማለፉን እንደ ዕድል እቆጥርለታለሁ።

ዛሬም የማረጋገጫው መንገድ ያው ነው፤ አንዱን ቁጥር በሁለት ቀመር ማውጣት። የጉግል ባለሙያዋ ኤማ ሃሩካ ኢዋኦ እ.ኤ.አ. በ2022፣ 100 ትሪሊዮን አሃዞችን ያሰሉት በሒሳብ ሊቃውንቱ በቹድኖቭስኪ ወንድማማቾች ቀመር ሲሆን፣ በዚህ ቀመር ወደ ድምሩ የሚገባ እያንዳንዱ አባል 14 ያህል አዳዲስ አሃዞችን ይጨምራል፤ ሥራውም 157 ቀናት ወስዷል። ለማረጋገጥ የሚያገለግለው ሌላው ቀመር ደግሞ፣ ፓይ በ16 መሠረት (ከተለመዱት 10 የአሃዝ ምልክቶች ይልቅ በ16) ሲጻፍ፣ ከፊት ያሉትን አሃዞች ሳያሰላ ሩቅ ቦታ ላይ ያለውን ብቻ ነጥሎ ያወጣል። በስሌቱ መካከል የተፈጠረ ስሕተት እንደ ሻንክስ ከኋላው ያለውን ሁሉ ስለሚያበላሽ፣ ሁለቱ ቀመሮች ጫፉ ላይ ከተስማሙ ስሌቱ ይታመናል።

በቃል የሚወጡት ሰዎች አሃዞችን እንዳሉ አይሸመድዱም። የተለመደው ዘዴ ከ00 እስከ 99 ላሉት ጥንዶች ለእያንዳንዳቸው አንድ ምስል መስጠት ነው። 14 መሰላል፣ 15 ድመት፣ 92 ከበሮ ቢሆኑ፣ ከነጥብ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች መሰላል ላይ ወጥታ ከበሮ የምትመታ ድመት ይሆናሉ። ይህች ድመት በሚያውቁት ቤት ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ቀጣዩ ትዕይንት ኮሪደሩ ላይ፣ ሌላው መስኮቱ ሥር። ሲወጡት በሐሳብ ቤቱን እየዞሩ ያዩትን ወደ አሃዝ ይመልሳሉ። ሕንዳዊው ራጅቪር ሚና እ.ኤ.አ. በ2015 ዓይኑን ታስሮ 70,000 አሃዞችን ለመውጣት 10 ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል።

እዚህ ማረጋገጡ ቀላል ነው፤ ዳኞች ከታተመው ጋር ያመሳክራሉ። ተወዳዳሪው ግን እንደ ኮምፒውተሩ ስሌቱን የሚደግምበት ዕድል የለውም። ቻይናዊው ሉ ቻኦ እ.ኤ.አ. በ2005፣ 67,890 አሃዞችን 24 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ፈጅቶ ከወጣ በኋላ፣ በሚቀጥለው አሃዝ ላይ 0 ማለት ሲገባው 5 በማለቱ ሙከራው እዚያው ላይ አበቃ።