ፍጥነቱን ከማድነቃችሁ በፊት ክብደቱን ጠይቁ፦ ለወጣት መሐንዲሶች

ልጆቼ፣ የመርከብ አሠራር ለመማር የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ዓይኑን ትልልቆቹ ላይ ይጥላል። እኔ ግን በትንሽ ጀምሩ እላለሁ። ትልቅ መርከብ የነዳፊውን ስህተት ይሸፍናል፣ ትንሿ ግን ወዲያው ታጋልጠዋለች።

ለዚህ የምመርጠው ራፕን ነው። በ1873 እ.ኤ.አ. ቶርኒክሮፍት የተባለው የእንግሊዝ ጀልባ ሠሪ ድርጅት ለኖርዌይ ባህር ኃይል፣ ለንደን ቺዚክ ላይ፣ በቴምስ ወንዝ ዳር የሠራት የእንፋሎት ጀልባ ናት። ከዓለም የመጀመሪያዎቹ ቶርፒዶ ጀልባዎች፣ ማለትም ውኃ ውስጥ በሚፈነዳ መሣሪያ መርከብ ከሚያጠቁ ጀልባዎች፣ አንዷ ናት። (እኛንም ከኖርዌይ ባሕረኞች ጋር የሚያገናኝ ታሪክ አለ፤ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥቱን ባህር ኃይል ካሠለጠኑት መካከል የኖርዌይ መኮንኖች ነበሩበት።)

ርዝመቷ 17 ሜትር ተኩል ያህል፣ ፍጥነቷ 14.5 ኖት ነው (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባህር ማይል፣ 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው)። ቁጥሩን አትናቁት። የጀልባን ርዝመት በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ2.4 ብታባዙ 10 ኖት ገደማ ታገኛላችሁ። ከዚያ በላይ ጀልባው ራሱ ያስነሳውን ማዕበል ሽቅብ እየወጣ ነው የሚሄደው፤ ከባድ አካል ሞተር ቢጨመርለትም ኋላው ይሰምጣል እንጂ አይፈጥንም። መውጫው ቀጭንና ቀላል መሆን ነው። ዋጋውም አለው፤ ስስ ቆርቆሮ ጥይት አይመልስም፣ ከፍ ባለ ማዕበልም ይጎብጣል። ለዚህ ነው እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ከወደብና ከፊዮርድ (በተራሮች መካከል ከሚገባ ጠባብ የባህር ወሽመጥ) ብዙም ያልራቁት።

መጀመሪያ የታሰበላት መሣሪያ በረጅም ዘንግ ጫፍ የሚታሰር ፈንጂ ነበር። ጠላት ዘንድ ትደርሳላችሁ፣ ዘንጉን ውኃ ውስጥ ታወርዳላችሁ፣ ከመርከቡ ሆድ ጋር አስነክታችሁ ታፈነዳላችሁ። ችግሩ የውኃ ግፊት ከፍጥነት ስኩዌር ጋር መጨመሩ ነው። ፈጥናችሁ ዘንጉን ካወረዳችሁ ይታጠፋል፤ ከዘገያችሁ ደግሞ በጥይት ትመታላችሁ። ቢሳካም ፍንዳታው ያስነሳው ውኃ የራሳችሁን ጀልባ ሊሞላ ይችላል።

በ1879 እ.ኤ.አ. ራፕ ላይ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ዋይትሄድ የሠራው ቶርፒዶ ማስወንጨፊያ ተገጠመባት። ይህ ቶርፒዶ በታመቀ አየር ራሱን የሚነዳ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው። ጥልቀቱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ የውኃ ግፊት ብቻ ቢለካ ኖሮ ቶርፒዶው ሽቅብ ቁልቁል ሲዋልል ይኖር ነበር። ከተፈለገው ጥልቀት ሲደርስ መሪው ቀጥ ይላል፤ አፍንጫው ግን ገና ወደ ታች ስለሆነ አልፎ ይሄዳል። ዋይትሄድ ፔንዱለም፣ ማለትም ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት፣ ጨመረበት። ፔንዱለሙ ዝንባሌውን ያያል፣ መሪውንም ቀድሞ ይመልሳል። ቁጥጥር ስትነድፉ ስህተቱን ብቻ አትለኩ፤ ስህተቱ ወዴት እያመራ እንደሆነም ለኩ።

ወደ ግራና ቀኝ ግን የሚያርመው አልነበረም፤ ጋይሮስኮፕ (እየተሽከረከረ አቅጣጫን የሚጠብቅ መሣሪያ) የመጣው በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ አላሚው ራሱ ጀልባው ነበር። ከመልቀቅ በፊት የአየሩን ግፊት ማየት፣ አየር የሚያፈስ ስንጥቅ መፈለግ፣ ጥልቀቱን ማስተካከል፣ ከዚያ የጀልባዋን አፍንጫ ከዒላማው ፊት አስቀድሞ መያዝ። ቶርፒዶው በ18 ኖት 400 ሜትር ለመሄድ 43 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ 10 ኖት የሚጓዝ መርከብ 220 ሜትር ተጉዟል። የፍጥነት ግምታችሁ በ2 ኖት ቢሳሳት 44 ሜትር ትስታላችሁ።

እንፋሎቱን ስለሚያፈላው ቦይለር አጭር ነገር ልበል፦ በሌሊት ጥቃት እሳቱን አጥብቆ የሚያነድ ሠራተኛ ከጭስ ማውጫው ፍንጣሪ ያስወጣል፤ ጠላትም ጀልባውን ከማየቱ በፊት ፍንጣሪውን ያያል። የጨው ውኃ ከገባበት ደግሞ ውስጡ ይቆሽሻል፣ ውኃው አረፋ ያወጣል፣ ውኃም ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሞተሩ ይሻገራል፤ ያኔ ሲሊንደሩ ይጎዳል።

ራፕ ዛሬ ኖርዌይ ውስጥ በሆርተን ከተማ የባህር ኃይል ሙዚየም አለች። ከመሄዳችሁ በፊት በወረቀት ላይ አንድ ሥራ ሥሩ። ክብደቷን በቀፎ፣ በቦይለርና ሞተር፣ በከሰልና ውኃ፣ በመሣሪያ ከፋፍሉ፤ የእያንዳንዱን የክብደት ማዕከል ምልክት አድርጉ። ከዚያ በሁለቱ ጎን ላይ ቶርፒዶ ጨምሩና አንዱ ብቻ ሲለቀቅ ምን ያህል እንደምታዘነብል አስሉ።