ከልደት እስከ ጌታ ጥምቀት፦ በየዕለቱ ምን እናንብብ? ከየትኛው ቅዱስ ጋር እንጸልይ?

በልደት ሰሞን ስለሚደረግ የዕለት ጸሎት የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ቀኖች በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የላቲን ሥርዓትና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊካውያን የየራሳቸው የበዓላት አቆጣጠርና ንባብ አላቸው።

ጥያቄ፦ የልደት ወቅት እስከ መቼ ነው? ዲሴምበር 26 ላይ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስለኛል።

መልስ፦ ያለቀው ድግሱ ነው። ወቅቱ በዲሴምበር 24 የዋዜማ ጸሎት ይጀምርና እስከ ጌታ ጥምቀት በዓል ይዘልቃል። ይህ በዓል ከጃንዋሪ 6 በኋላ ባለው እሑድ ይውላል። ኤጲፋንያን (የሰብአ ሰገልን መምጣት የሚያስበውን የጃንዋሪ 6 በዓል) ወደ እሑድ ባዛወሩ አገሮች እሑዱ ጃንዋሪ 7 ወይም 8 ከሆነ ግን ጥምቀቱ በማግስቱ ሰኞ ይከበራል። ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 1 ያሉት ስምንት ቀናት ደግሞ እንደ አንድ ታላቅ በዓል ይቆጠራሉ። ስለዚህ በማግስቱ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት አልረፈደም።

ጥያቄ፦ የማነበውን ራሴ ልምረጥ ወይስ የቅዳሴውን ልከተል?

መልስ፦ የቅዳሴውን ይከተሉ። እንደ ስሜታችን ስንመርጥ ሁልጊዜ የምንወደውን ብቻ እናነባለን። ከዲሴምበር 27 ጀምሮ የአዘቦት ቀናት የመጀመሪያ ንባብ በየዓመቱ ያው ነው፦ የዮሐንስ አንደኛ መልእክት። አምስት ምዕራፍ ብቻ ናት፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተነበበች ወቅቱን ታዳርሳለች። ብዙ ሰው በዚህ ሰሞን እረኞቹንና መላእክቱን ስለሚጠብቅ «ይህች መልእክት ከየት መጣች?» ይላል። መክፈቻዋን ይመልከቱ፦ «በዓይኖቻችንም ያየነውን የተመለከትነውንም እጆቻችንም የዳሰሱትን»። በግርግም የተኛው ሕፃን የሚታይና የሚዳሰስ መሆኑን ከዚህ በላይ አጥብቆ የሚናገር የለም። ግን እዚያ ላይ አትቆምም። አምላክ ሥጋ ከለበሰ ሥጋ የለበሰውን ወንድምህን እንዴት ይዘኸዋል ብላ ትጠይቃለች። ምዕራፍ 3 ላይ ስትደርስ «በሥራና በእውነት እንጂ በቃልና በአንደበት አንዋደድ» ትላለች። የበዓል ስጦታ ተለዋውጦ ለጨረሰ ሰው ይህ ምቾት አይሰጥም፤ እኔ የምወዳትም ለዚሁ ነው።

ወንጌሉን በተመለከተ፣ ዲሴምበር 29 እና 30 ስምዖንና ሐና በቤተ መቅደስ ይመጣሉ። ከኤጲፋንያ በፊት ባሉት የጃንዋሪ ቀናት ደግሞ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ይነበባል፤ የመጥምቁ ምስክርነትና የመጀመሪያዎቹ ደቀ መዛሙርት።

ጥያቄ፦ ልደቱን አክብረን ሳንጨርስ በማግስቱ የሰማዕት በዓል ለምን? ቀይ ልብሰ ተክህኖ ሳይ ግራ ይገባኛል።

መልስ፦ ብዙዎቻችሁ ይህን ጠይቃችኋል። ዲሴምበር 26 ቅዱስ እስጢፋኖስ፣ 27 ሐዋርያው ዮሐንስ፣ 28 ሄሮድስ ያስገደላቸው የቤተልሔም ሕፃናት ይታሰባሉ። ከጥንት የነበረ አንድ አስተያየት ሦስቱን በሦስት ዓይነት ምስክርነት ይከፍላቸዋል፦ እስጢፋኖስ ፈቅዶም ሞቶም፣ ዮሐንስ ፈቅዶ ግን ሳይገደል፣ ሕፃናቱ ደግሞ ሳያውቁት ሞተው። 29ኛው ቀን ላይ በ1170 በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ የተገደለው በእንግሊዝ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት ይከተላል።

ይህ ደስታውን ለማደፍረስ የመጣ አይደለም። እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር «ጌታ ሆይ፥ ይህን ኃጢአት አትቁጠርባቸው» አለ፤ ይህ ቃል ከመስቀል የተማረው ነው። ሕፃኑ የተወለደው ለምን እንደሆነ በማግስቱ ይነገረናል ማለት ነው። በዚያ ቀን ሐዋርያት ሥራ 6 እና 7ን አንብባችሁ፣ ያስቀየማችሁን አንድ ሰው በስሙ ጠርታችሁ ጸልዩለት። ሌላ ጸሎት መጨመር አያስፈልግም። (26ኛው ቀን እሑድ ከሆነ ግን የቅድስት ቤተሰብ (የኢየሱስ፣ የማርያምና የዮሴፍ) በዓል ቦታውን ይወስዳል።)

ጥያቄ፦ ቅዱሳኑን ስናስብ ጌታን አንረሳም?

መልስ፦ እነሱን ብቻ አይተን ከቆምን እንረሳለን። በየቀኑ ወንጌሉን አስቀድሙ፤ የቅዱሱን ታሪክ ከዚያ በኋላ አንብቡ። ወንጌሉ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ምን እንዳደረገ ታዩበታላችሁ።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ሐዘን ላይ ነኝ። የደስታ መዝሙር ከአፌ አልወጣ ብሏል። ይለፈኝ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። መዝሙሩ ይቆይሽ፤ ንባቡን ግን አትተዪው። የ28ኛው ቀን ወንጌል (ማቴዎስ 2) ራሔል ስለ ልጆቿ እያለቀሰች መጽናናትን እንዳልወደደች ይናገራል። በልደት ሳምንት መካከል ቤተ ክርስቲያን ይህን ታነባለች፤ «ዝም በይ» የሚላትም የለም። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ሐናን ታገኛታለሽ፦ ባሏን በወጣትነቷ ያጣች፣ አርጅታም ከመቅደስ ያልተለየች መበለት። ከእሷ አጠገብ ዝም ብለሽ ብትቀመጪ እሱም ጸሎት ነው።

ጥያቄ፦ በመቁጠሪያ ጸሎት የትኞቹን ምሥጢራት እናስብ?

መልስ፦ የደስታዎቹን፤ ከገብርኤል ብሥራት ጀምሮ የጌታን ልደትና ልጅነት የሚያስቡትን። በ2002 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ለሰኞና ለቅዳሜ መድበዋቸዋል፤ ክፍፍሉ ግን ሐሳብ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ በዚህ ወቅት ደጋግማችሁ ብትጸልዩባቸው የሚከለክል የለም።

ጥያቄ፦ ለልጆች የሚሆን ነገር አለ?

መልስ፦ የግርግሙን ምስል ተጠቀሙበት። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ በ1223 በኢጣሊያዋ ግሬቾ የልደትን ሌሊት በሕያው በሬና አህያ ያሳየው ሕዝቡ በዓይኑ እንዲያይ ብሎ ነው። ሰብአ ሰገልን ግን በመጀመሪያው ቀን አታስገቧቸው፤ ከክፍሉ ዳር አስቀምጣችሁ ልጆቹ በየማታው ትንሽ ያስጠጓቸው፣ በኤጲፋንያ ይድረሱ። «ስንት ነበሩ?» ብለው ከጠየቁ ማቴዎስ ቁጥር እንዳልጻፈ ንገሯቸው፤ ሦስት የተባሉት ከሦስቱ ስጦታዎች ተነሥቶ ነው።

ጥያቄ፦ ዲሴምበር 31 እና ጃንዋሪ 1ስ?

መልስ፦ በ31 የዮሐንስ ወንጌል መግቢያ (1፥1-18) ይነበባል፤ ማታ ላይ «ቴ ዴኡም» የተባለው የምስጋና መዝሙር ይዘመራል። በማግስቱ የወላዲተ አምላክ ማርያም ታላቅ በዓል ነው፤ ይህን ስሟን የኤፌሶን ጉባኤ በ431 አጽንቶታል። ከ1968 ጀምሮ የዓለም የሰላም ቀንም ነው። ከዘኍልቍ 6 «እግዚአብሔር ይባርክህ ይጠብቅህም» የሚለው ቡራኬ ስለሚነበብ፣ የቤቱ ታላቅ ሰው በእያንዳንዱ ራስ ላይ እጁን ጭኖ ቢያነበው መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ሥራ ይበዛብኛል፤ ያለኝ አሥር ደቂቃ ነው። ሦስት ቀን ካመለጠኝስ?

መልስ፦ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ወንጌሉን ቀስ ብለህ ሁለት ጊዜ አንብብ፤ አንድ ቃል ሲይዝህ እዚያው ቁም፣ ስለሱ ጌታን አነጋግር። ማርያም ነገሩን ሁሉ በልቧ እያሰበች ትጠብቀው ነበር ይላል ሉቃስ፤ አንተም ያችን ቃል ይዘህ ወደ ሥራህ ሂድ። ያመለጡህን ቀኖች ግን እንደ ዕዳ አትቁጠራቸው፤ የዛሬውን ገጽ ክፈትና ከዚያ ቀጥል።